መግደልን የከለከለ ማስታመምን ያዘዘ ነው

በግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሕዝብ እንደራሴዎች በፓሪስ ተሰብስበው በአንድ ቀን በሁለት የሕግ ረቂቆች ላይ ድምፅ ሰጡ። የመጀመሪያው ረቂቅ፥ የመዳን ተስፋ የሌለው በሽተኛ ሥቃዩን የሚያስታግሥለት ሕክምና በአገሩ ሁሉ እንዲዳረስ የሚያዝ ነበር፤ ይህን 560 እንደራሴዎች ሲደግፉት የተቃወመ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ሁለተኛው ረቂቅ፥ በጽኑ ደዌ ተይዞ ሞትን የሚለምን ሰው ሕይወቱን የሚያሳልፍ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ እንዲያገኝ የሚፈቅድ ነበር፤ ይህን ግን 305 ሲደግፉ 199 ተቃወሙ። ከ24 ቀን በኋላ፥ በሰኔ 13 ቀን፥ የእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት ከሁለተኛው ጋር የሚመሳሰል ረቂቅ ቀርቦለት 291 ሲቃወሙ በ314 ድምፅ አሳለፈው። ረቂቆቹም እንደየአገሩ ሥርዓት ለላይኞቹ ምክር ቤቶች ተመሩ።

እነዚህን ቍጥሮች አስተያይቶ ለሚመረምር ሰው ትልቅ ቁም ነገር ይገኝባቸዋል። የበሽተኛው ሥቃይ ይቅለል ወይስ አይቅለል ተብሎ የተጠየቀ ጊዜ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይቅለል ይላል፤ ሕይወቱ በሰው እጅ ትለፍ ወይስ አትለፍ ተብሎ የተጠየቀ ጊዜ ግን ሕዝብ ከሁለት ይከፈላል። እንግዲህ ሁሉ የተስማማበት ነገር ሳይፈጸም ሁሉ በተለያየበት ነገር ላይ ጕልበትን መጨረስ ፊተኛውን ኋለኛ ማድረግ ነው። ይህን ጕዳይ ዛሬ ማንሣታችንም በሌላው አገር ሸንጎ ገብተን ለመፍረድ ሳይሆን፥ በእኛ አገር መንግሥትም የሃይማኖት አባቶችም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያለባቸውን ዕዳ ለማሳሰብ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ነገሩ እንዳይደባለቅ አስቀድሞ አራቱን ሥራዎች መለየት ይገባል። ፈረንጆች ‹ዩታኔዥያ› የሚሉት ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በጎ ሞት ማለት ነው፤ በዛሬው የሕግ ቋንቋ ግን ሐኪም በበሽተኛው ልመና ሕይወቱን በመድኃኒት ማሳለፉ ነው። ሁለተኛው፥ ሐኪሙ የሚገድለውን መድኃኒት አዝዞ በሽተኛው በገዛ እጁ የሚወስደው ነው። ሦስተኛው፥ ከእንግዲህ የማይጠቅመውን ሕክምና መተው ነው፤ ይኸውም ሞት በተፈጥሮ መንገዱ በቀረበ ጊዜ የሚያልፈውን ሰው በመሣሪያ ብዛት አለማስጨነቅ ማለት ነው። አራተኛው፥ በሽተኛው በሕይወት እስካለ ድረስ ሥቃዩን በመድኃኒትና በማስታመም ማቅለል ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ፍጻሜያቸው ሞትን ማምጣት ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ሞትን አይሹም፤ ሲመጣም ብቻውን አያገኘውም ብለው በሽተኛውን ይጠብቃሉ። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1957 ለሐኪሞች በሰጡት ቃል ይህንኑ ልዩነት አጽንተው፥ በሽተኛን መግደል የተከለከለ እንደ ሆነ፥ ሥቃዩን ማስታገሥ ግን የተፈቀደ እንደ ሆነ፥ ከመጠን ያለፈ ሕክምናም ግዴታ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ይህ ልዩነት ባለመታወቁ በየቤቱ ስንት ጥፋት ይደርሳል! የሚያስታግሠውን መድኃኒት የሚገድል መስሏቸው ከአባታቸው የሚከለክሉ ልጆች አሉ፤ የማይጠቅመውን መሣሪያ መንቀል መግደል መስሎት የሚጨነቅ ሐኪም አለ።

አራተኛው ሥራ በፈረንጆች ‹ፓሊየቲቭ› ይባላል፤ በላቲን ካባ ወይም መጎናጸፊያ ከሚለው ቃል የተገኘ ስም ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ከዚህ የተሻለ ስም ቀድሞ ነበረን። ማስታመም እንላለን፤ ከታማሚው ጋር ሆኖ ሕመሙን መጋራት ነው። መድኃኒቱንም ማስታገሻ እንላለን፤ ሥሩ ከትዕግሥት ጋር አንድ ነው። በሽተኛን ‹ታገሥ› ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የሚታገሥበትን ሳይሰጡት ታገሥ ማለት ግን ስንቅ ሳይሰጡ መንገደኛን ሂድ እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጭ አገሮች ሕግ እንመለስ። በስዊስ አገር በ1942 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፥ ሰው ራሱን እንዲገድል የረዳውን የሚቀጣው ለገዛ ጥቅሙ ብሎ ያደረገው እንደ ሆነ ብቻ ነው። በአሜሪካ የኦሬገን ግዛት በ1994 በሕዝብ ድምፅ የተወሰነው ሕግ በ1997 በሥራ ላይ ውሎ፥ ከስድስት ወር የበለጠ አይኖርም ተብሎ በሐኪሞች የተመሰከረለት ሰው የሞት መድኃኒት ተቀብሎ በእጁ እንዲወስድ ፈቀደ። ሆላንድና ቤልጅግ በ2002፥ ሉክሳምቡርግ በ2009፥ ካናዳ በ2016፥ ስፔንና ኒውዚላንድ በ2021 ሐኪም በበሽተኛው ልመና ሞትን እንዲሰጥ ወይም እንዲረዳ የሚፈቅድ ሕግ በሥራ ላይ አዋሉ።

ይህን ሕግ የሚደግፉትን ሰዎች ሁሉ ጨካኞች ናቸው ብሎ መናገር እውነትን ማጕደል ነው። እነርሱ የሚሉት፥ ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ ሥልጣን አለው፤ ሐኪም ሊያስታግሠው ያልቻለ ሥቃይ አለ፤ በስውር ከሚደረግ በሕግና በምስክር ፊት ቢደረግ ይሻላል ነው። በተለይ ሁለተኛው ነገራቸው በቀላል የሚታለፍ አይደለም። ከሁሉ የተሻለ ማስታመም ቢደረግላቸው እንኳ ሥቃያቸው የማይበርድ ጥቂት በሽተኞች በእውነት አሉ፤ ለእነዚህም ሐኪሞች በመጨረሻዎቹ ቀናት ከባድ እንቅልፍ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተው፥ ሞትን ሳያመጡ ጭንቁን ብቻ ያርቁላቸዋል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ በዐይኑ ያየ ሰው የደጋፊዎቹን ልብ ሳይረዳ አይቀርም።

ነገር ግን ሕግ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ከሥራው ይታያል። በሆላንድ አገር በ2003 በዚህ መንገድ መሞታቸው ለመርማሪዎች የተነገረው 1,815 ሰዎች ነበሩ፤ በ2023 ግን 9,068 ሆኑ፤ በዚያ ዓመት በአገሩ ከሞቱት ከመቶ 5.4 መሆኑ ነው። ቤልጅግ በ2014 የዕድሜውን ወሰን አንሥታ ለሕፃናትም ፈቀደች። የካናዳ ሕግ በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሞቱ ለቀረበ በሽተኛ ብቻ ነበር፤ በ2021 ሞቱ ላልቀረበውም ተዘረጋ፤ በ2023 በዚሁ ሕግ የሞቱት 15,343 ሲሆኑ፥ ይህም በዚያ ዓመት ከሞቱት ካናዳውያን ከመቶ 4.7 ነው። ሕመማቸው የአእምሮ ብቻ ለሆነ ሰዎችም ይዘርጋ ተብሎ ከተወሰነ በኋላ፥ አገሩ ገና አልተዘጋጀም ተብሎ እስከ 2027 እንዲቆይ በ2024 ተደረገ። አጥር አንድ ጊዜ ከተነቀለ ወዲያ የት ላይ እንደሚተከል የሚያውቅ የለም።

በዚህ ነገር የታሪክ ምስክርም አለ። የናዚ ጀርመን መንግሥት ከ1939 ጀምሮ ይህንኑ የ‹በጎ ሞት› ስም ተውሶ፥ አካላቸው የተጎዳና አእምሮአቸው የታመመ ሰዎችን በስድስት ቤቶች ሰብስቦ በመርዝ ጢስ ሲገድል፥ እስከ 1941 አጋማሽ ድረስ የሞቱት ከ70,000 በልጠዋል። የሙንስተር ጳጳስ ክሌመንስ ፎን ጋለን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በዐውደ ምሕረት ቆመው ይህን ግፍ በግልጽ አወገዙ። ያ ግድያ ያለ ሟቾቹ ፈቃድ በግድ የተፈጸመ ነውና ከዛሬዎቹ ሕጎች ጋር አንድ ነው ማለት በደል ይሆናል። ሆኖም የዚያ መንግሥት ሹማምንት በሽተኞቹን በመግደል ምን ያህል ዳቦ፥ ምን ያህል ድንች፥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚተርፍ በመዝገብ ያሰሉ ነበር። የሰው ሕይወት በወጪ ሚዛን ላይ የተቀመጠች ዕለት ደካማው ሁሉ ባለዕዳ ይሆናል። ማንም በግድ ባይገድለውም፥ መኖሩ ለሌላው ሸክም እንደ ሆነ ዕለት ዕለት የሚነገረው ሰው ‹ግደሉኝ› ቢል፥ ያ ቃል የራሱ ነው ወይስ የነገሩት ሰዎች?

ስለዚህ ‹ሰው ለምን ሞትን ይለምናል?› ብሎ መጠየቅ ይገባል። የኦሬገን መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው መግለጫ እንደሚያሳየው፥ ለሞት መድኃኒት የጠየቁት ሰዎች አብዝተው የሚሰጡት ምክንያት፥ በራስ መተዳደርን ማጣት፥ ሕይወትን ደስ የሚያሰኘውን ነገር መሥራት አለመቻል፥ ክብርን ማጣት ነው። የሥጋ ሥቃይ ወይም እርሱን መፍራት ከእነዚህ በታች ይመጣል። ለቤተ ሰብ ሸክም መሆንም ብዙዎች የሚያነሡት ነገር ነው። እንግዲህ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየውን የሚያስጨንቀው የተዋረደ፥ የከበደ፥ የተተወ መስሎ መታየቱ ነውና።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ከመጻሕፍት ቀድመው ያውቁታል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። መልአኩ የመጣለት ግን እንጀራና ውሃ ይዞ ነው፤ አብልቶ አጠጥቶ እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ሞትን የለመነው ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍትና የሚያበላው ወዳጅ ነበር። በአንጻሩ ሳኦል ቈስሎ በወደቀ ጊዜ ለምኖኝ ገደልኩት ያለውን ዐማሌቃዊ ዳዊት አልማረውም። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በመሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም አስታማሚዎች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው በበሽተኛው ላይ መፍረድ ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ። በእነዚህ ሦስት ታሪኮች ውስጥ የጕዳዩ ፍርድ ሁሉ አለ።

ይህ ነገር በዘመናችን የሕክምና ሥራ ሆኖ የተደራጀው በአንዲት እንግሊዛዊት ድካም ነው። ሲሰሊ ሳንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፥ ቀጥሎም በሐኪም ቤት የድኾች ጕዳይ አስፈጻሚ ሆነው ሲያገለግሉ፥ ከዋርሶ ተሰዶ በለንደን በካንሰር ይሞት የነበረ አንድ ይሁዲ በ1948 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው፤ ይህም ወደ ፊት ለሚሠሩት ቤት መስኮት ትሁንልኝ ብሎ ነው። እርሳቸውም የሕክምና ትምህርት ተምረው በ1957 ሐኪም ሆኑ፤ በ1967ም የቅዱስ ክሪስቶፈርን ቤት በለንደን ከፈቱ። ለአንዲት መስኮት ቤት ለመሥራት 19 ዓመት ፈጀባቸው ማለት ነው። ያስተማሩት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሞርፊን በሽተኛው እስኪጮኽ ተጠብቆ የሚሰጥ ሳይሆን ሥቃዩ ሳይመለስ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው፥ የሚሞት ሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሐሳብ፥ የቤተ ሰብ፥ የነፍስም ሥቃይ አለበትና አራቱም አብረው ይታከሙ የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ይህን ጥበብ ለድኻው አገር ሁሉ በሚያመች መንገድ አውጥቶ፥ ከአስፕሪን ጀምሮ በኮዴን አልፎ እስከ ሞርፊን በሦስት ደረጃ፥ በአፍ የሚወሰድ፥ በሰዓት የሚሰጥ እንዲሆን አመለከተ።

ጥበቡ እንዲህ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሲሆነው፥ ሥራው ግን ለማን ደረሰ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በያመቱ ይህ ማስታመም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 56.8 ሚሊዮን ናቸው፤ የሚያገኙት ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰበሰበው የሊቃውንት ጉባኤ በ2017 ባወጣው መግለጫ፥ በዓለም ላይ በያመቱ ከሚታደለው 298.5 ቶን ሞርፊንና የሞርፊን ወገን መድኃኒት ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን መሆኑን አመልክቷል። ይህ በእኛ ገበያ ሚዛን አንድ ኵንታል ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ክርክሩ፥ ሕክምናውን ሁሉ ያገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ ሞትን ይምረጥ ወይስ አይምረጥ የሚል ነው። በድኾቹ አገሮች ግን በሽተኛው የሚመርጠው ነገር ገና አልቀረበለትም። ምርጫ የሚባለው ሁለት መንገድ ሲኖር ነው፤ አንዱ መንገድ ተዘግቶ በሌላው የሄደ ሰው ተገፋ እንጂ መረጠ አይባልም።

ድኽነት ለዚህ ሥራ ሰበብ እንደማይሆን ከጎረቤት የሚገኝ ምስክር አለ። በኡጋንዳ አገር አን ሜሪማን የተባሉ ሴት ሐኪም በ1993 የአስታማሚዎች ማኅበር በካምፓላ አቋቋሙ። የሞርፊኑ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እንደ ብርታቱ በቀለም እየተለየ በጠርሙስ ይሰጣል፤ በሽተኛው በቤቱ ሆኖ በአፉ ይወስደዋል፤ የአገሩም መንግሥት ያለ ዋጋ እንዲታደል አደረገ። ሐኪም በሌለበት ገጠር ማን ያዝዘዋል ተብሎ የተጠየቀ ጊዜም፥ በ2004 በወጣ ደንብ ለዚህ ሥራ ተለይተው የተማሩ ነርሶችና የጤና መኰንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ተፈቀደ። በህንድም በኬረላ ግዛት በ1993 በካሊከት ከተማ የተጀመረው ሥራ በጐረቤት ላይ የቆመ ነው። ከመንደሩ ሰዎች ፈቃደኞቹ ሠልጥነው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለበሽተኛ ያገለግላሉ፤ ለመድኃኒቱና ለነርሷ ደመወዝ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ የግዛቱም መንግሥት በ2008 ይህን ሥራ በመመሪያው ውስጥ አገባው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላው ሰው ራሱን እንዲገድል የገፋፋውንም የረዳውንም ይቀጣል፤ በሽተኛን በልመናው የሚገድል ሐኪምም ልዩ ፈቃድ የተሰጠው አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ትከለክላለች፤ የእስልምና ሊቃውንትም ይከለክላሉ። በዚህ ረገድ ክርክር የለብንም፤ መልካም ነው። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ሙሉ ሥራ አይደለም። ሕግ በሽተኛውን ‹ይህ በር ላንተ ዝግ ነው› ባለው ጊዜ፥ ሌላውን በር የመክፈት ዕዳ በሕግ አውጪው ላይ ይወድቃል። መዳን የማይችል፥ ሌሊቱን በጩኸት የሚያነጋ፥ ማስታገሻ የሚሰጠው የሌለ ሰው ፊት ቆሞ ‹ሕይወት ክቡር ነው› የሚል ሁሉ እውነት ይናገራል፤ ግማሹን እውነት ግን አስቀርቷል።

ጅማሬ የለንም ማለት አይደለም። በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በየቤቱ እየሄደ በሽተኞችን ያስታምማል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2007 የሥቃይ ማስታገሻ መመሪያ፥ በ2016 የማስታመም ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወረዳ እስኪደርስ ድረስ ወረቀት ነው። በአገራችን በካንሰር የተያዘ ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሽታው ከጠና በኋላ ነው። ቤተ ሰቡ ከብቱን ሸጦ፥ ጥሪቱን አሟጦ፥ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞት ሲዞር ይቆይና በመጨረሻ ‹ወደ ቤቱ ውሰዱት› ይባላል። ይህ ቃል ከሐኪም አፍ የወጣ ጊዜ በሽተኛው ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ሥቃዩ ግን የሚበረታው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። በአንድ ሌሊት ሳያንቀላፋ የሚያስታምመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ናት፤ ወይም ትምህርቷን የተወች ልጅ ናት።

እዚህ ላይ ስለ ዕድራችን አንድ ነገር እንናገር። ሰው በሞተ ሰዓት ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፥ ድስቱን ይጥዳል፥ መቃብሩን ያስቈፍራል፥ ኀዘንተኛውን ሦስት ቀን ያጽናናል። በዓለም ላይ ሙታኑን እንደ እኛ በማኅበር የሚያከብር ሕዝብ ጥቂት ነው። ያው ሟች ግን ከመሞቱ በፊት ሦስት ወር ሲማቅቅ፥ ጐረቤቱ ለጥየቃ መጥቶ ጥቂት ተቀምጦ እግዜር ይማርህ ብሎ ይሄዳል እንጂ፥ ለአስታማሚዋ አንድ ሌሊት ተክቶ የሚያድር ተራ የለውም። ለቀብር የሚሠራው ሥርዓት ሦስት ወር ወደ ኋላ ቢሳብ፥ የዕድሩ መዋጮ ጥቂቱ ለበሽተኛው ማስታገሻና ፍራሽ ቢውል፥ አባላቱ በተራ ቢያስታምሙ፥ ኬረላ የሠራችውን እኛ ከአባቶቻችን በወረስነው ማኅበር ልንሠራው እንችላለን። ከመሞት መሰንበት የሚለው የአባቶች ቃል እውነት የሚሆነው የመሰንበቻውን ጊዜ የሚሸከም ወገን ሲገኝ ነው።

ለካህናት አባቶቻችንም በትሕትና የምናሳስበው ነገር አለ። አንደኛው፥ ሥቃይን ማስታገሥ በረከትን ያስቀራል የሚሉ እንዳሉ እንሰማለን። ቅዱሳን በገድላቸው ሥቃይን የተቀበሉት በፈቃዳቸው ነው፤ ሰው ለራሱ የመረጠውን ተጋድሎ በባልንጀራው ላይ መጫን ግን ገድል አይባልም። በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ቍስለኛ ደጉ ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረለት እንጂ ቻለው አላለውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ማስተማራቸው ለዚህም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስለ ሞርፊንም እንዲህ ያለ ቃል ከዐውደ ምሕረት ቢሰማ ብዙ ቤት ያርፋል። ሐኪም በልክ ሲሰጠው የሚገድል አይደለም፤ የሚያስተኛና የሚያናግር ነው፤ በሥቃይ የተያዘ አእምሮ መጸለይም መናዘዝም አይቻለውምና።

ሁለተኛው፥ ስለ እውነት መናገር ነው። በአገራችን ልማድ የበሽታው ጽናት ለቤተ ሰብ ይነገራል፥ ከበሽተኛው ይሰወራል፤ ይኸውም እንዳይደነግጥ ነው። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ፍሬው ግን ብዙ ጊዜ መራራ ነው። ሰውየው ልጆቹን ሳያስታርቅ፥ ዕዳውን ሳይናገር፥ ኑዛዜውን ሳያደርግ ያልፋል፤ ንስሓ አባቱም የሚጠሩት አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ ይሆናል። ምሥጢረ ቀንዲል ለታማሚ የተሠራ እንጂ ለአስከሬን የተሠራ አይደለም። ካህን ወደ በሽተኛ ቤት ቀድሞ ቢገባ፥ ከሐኪሙም ጋር ቢመካከር፥ ለስለስ ባለ ቃል ዐቅሙን እያየ እውነቱን ቢነግረው፥ ለነፍሱም ለቤቱም ይጠቅማል።

ለሹማምንት የምንለው ደግሞ ይህ ነው። ማንም ‹ገንዘባችን ጥቂት ነው፤ መዳን የሚችለውን ትተን መዳን ለማይችለው እናውጣን?› ቢል፥ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን ዋጋው ትንሽ ነው፤ በጊዜ የተጀመረ ማስታመምም በሽተኛው ያለ ጥቅም በየሐኪም ቤቱ እንዳይመላለስ ስለሚያደርግ ለቤተ ሰብም ለመንግሥትም ወጪ ያቃልላል። ሌላው ፍርሃት መድኃኒቱ ከመሥመር ወጥቶ ለሱስ ይውላል የሚል ነው። ይህም ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ በአሜሪካ አገር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ወገን መድኃኒት ያለ ልክ በመታዘዙ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ዳሩ ግን በ1961 የተፈረመው የዓለም የአደንዛዥ መድኃኒቶች ውል ራሱ ቍጥጥሩን ሲያዝ፥ እነዚሁ መድኃኒቶች ለሥቃይ ማስታገሻ ሊታጡ የማይገባቸው መሆናቸውን አብሮ መስክሯል። ቍልፍ የሚሠራው ዕቃው እንዳይሰረቅ ነው፤ ባለቤቱ እንዳይገባ አይደለም።

ስለዚህ የሚፈለገው ነገር በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። በየዞኑ ሐኪም ቤት በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እንዳይጠፋ፥ መዝገቡም በጥንቃቄ እንዲጠበቅ፤ ነርሶችና የጤና መኰንኖች በልዩ ትምህርት ሠልጥነው እንደ ኡጋንዳ እንዲያዝዙት ሥልጣን እንዲሰጣቸው፤ በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቤቱ የተመለሰውን በሽተኛ በመዝገባቸው ይዘው እንዲጎበኙት፤ በሕክምና ትምህርት ቤትም በካህናት ማሠልጠኛም የሚሞትን ሰው ማስታመም ራሱን የቻለ ትምህርት እንዲሆን፤ ‹ወደ ቤቱ ውሰዱት› የሚል ሐኪምም ከዚህ ቃል ጋር ማስታገሻውን፥ አወሳሰዱንና የሚጠየቅበትን ሰው ስም አብሮ እንዲሰጥ። ከእነዚህ ውስጥ ከአገሩ ዐቅም በላይ የሆነ አንድም የለም።

በፓሪስና በለንደን የተነሣው ክርክር በዚያ የሚቆም አይደለም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሕግ ባለባቸው አገሮች ያረጃሉ፥ ይታመማሉም፤ ጥያቄውም አንድ ቀን ከእኛ ደጅ መድረሱ አይቀርም። በዚያን ቀን በሕጋችን ላይ የተጻፈውን ክልከላ ብቻ ብናሳይ፥ ‹እናንተስ ለሚሠቃየው ምን አደረጋችሁ?› ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ዛሬ በየወረዳው መዘጋጀት አለበት። እስከዚያውም ዛሬ ሌሊት በአንዱ ጎጆ ውስጥ የሚያቃስት ሰው አለ፤ ሕጋችን አትሙት ብሎታል፤ ሊቀ ጠበብቱም ሹሙም ካህኑም ወዳለበት ገብተው ሌሊቱ እንዲያልፍለት እንዲያደርጉ እግዚአብሔር ይርዳቸው።